በድንገት የመጣ የአእምሮ መታወክ፦ ሰውነትም እንዲመረመር ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ከዚህ ቀደም የአእምሮ ሕመም ያልነበረበት ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፍ አጥቶ፣ የሌለ ድምፅ እየሰማና ሰው ሁሉ የሚያሳድደው እየመሰለው ከተለወጠ፣ የሰውነቱ መከላከያ የገዛ አንጎሉን እያጠቃ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በሥነ አእምሮ ብቻ መወሰን የለበትም። ኤንኤምዲኤ የተባለውን የአንጎል ተቀባይ (የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚቀበሉበትን ክፍል) የሚያጠቃው የአንጎል ብግነት፣ ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት፣ በአብዛኛው የሚጀምረው በዚህ መልክ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት ሌላው ሕመም ሉፐስም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ ይጀምራል። አብዛኛው የአእምሮ ሕመም ግን ከዚህ የመጣ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሕመሙን አካሄድ በቀን በቀኑ ጻፉ። «ማክሰኞ ትኩሳትና ራስ ምታት ነበራት፤ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ ሰኞ ቃል ይጠፋባት ጀመር፤ ረቡዕ ምንም ሳትበላ አፏ ያኝካል» የሚል ማስታወሻ፣ በእኔ እምነት፣ «ጠባይዋ ተለወጠ» ከሚል ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ሐኪሙን ይረዳዋል። እንግዳ የአፍ፣ የፊት ወይም የእጅ እንቅስቃሴ ካያችሁ በስልክ ቅረጹት፤ ምርመራ ክፍል ሲደርሱ ላይታይ ይችላልና።

የሚጥል ሕመም፣ የንቃት መቀነስ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ መቅረት፣ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት መዋዠቅ ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሐኪሙን በአክብሮት ግን በግልጽ ጠይቁ፦ የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይችላል? የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራና ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ያስፈልገዋል? ከጀርባ የሚቀዳው የአከርካሪ ፈሳሽ አንጎሉን የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት (የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) እንዳሉበት ይመርመርለት? ኤምአርአዩ ደህና መሆኑ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ የደም ምርመራ ብቻውንም ሊያሳስት ስለሚችል የአከርካሪው ፈሳሽ ውጤት የበለጠ ይታመናል። በወጣት ሴቶች ላይ ቴራቶማ የተባለ፣ በእንቁልጢ (በሴት እንቁላል ማመንጫ) ላይ የሚወጣ ዕጢ መነሻ ሊሆን ስለሚችል እርሱም ይፈለጋል፤ ከተገኘ ማውጣቱ የሕክምናው አካል ነው።

ለሥነ አእምሮ የታዘዘ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሰውነቱ ከተገተረ ወይም ትኩሳት ከጨመረ ወዲያውኑ አሳውቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

በሽታው ከተረጋገጠ የሰውነት መከላከያውን ጥቃት ለማብረድ ስቴሮይድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ወይም ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) መለወጥ ይታዘዛል፤ ሳይዘገይ ሲጀመር የመዳን ዕድሉ ከፍ ይላል። ማገገሙ ግን ወራት ይወስዳል፤ ሕመሙ በበረታበት ጊዜ የሆነውን ታማሚው ጭራሽ ላያስታውሰው ስለሚችል፣ ያኔ በተናገረውና ባደረገው አትውቀሱት።