ፓምፑ በሌላ ሰዓት ተነሳ፦ የክሮን መስመር አነባበብ

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ግቢ፣ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሌሊት። ፓምፑን የምታስነሳ ትንሽ ኮምፒውተር ገጠምኩና ለክሮን፣ ማለትም ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት ለሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ብዬ ይህን ጻፍኩ፦

0 8 * * *

ከዚያ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ችግር፦ ሥራው በሌላ ሰዓት ይነሳል

ፓምፑ የተነሳው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ውሃው ከሄደ በኋላ። የምድር ቤቱ ጋሼ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ማሽንህም ተኝቶ አደረ?»

ምክንያት፦ ሁለት ስህተት ተደራርቧል። መስመሩ ከግራ ሲነበብ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን ነው፤ ኮከብ (*) ማለት «ሁሉም» ነው። ሰዓቱ ከ0 እስከ 23፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የእኛ ሌሊት 8 ለክሮን 2 ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ የሚሄደው በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው።

መፍትሄ፦ ቴርሚናል ላይ የ«ዴት» ትእዛዝን ሰጥታችሁ የማሽኑን ሰዓት እዩ። የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ ቀይራችሁ ክሮንን እንደገና አስነሱ፤ ከዚያ 0 2 * * * ይበቃል። ቀጠናውን መንካት ካልተፈቀደላችሁ 0 23 * * * ጻፉ። ግን ይህ የዋዜማው ቀን ነው፤ ለሰኞ አጥቢያ ብቻ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ የሚገባው 1 ሳይሆን 0፣ ማለትም እሑድ ነው። ክሮን «አጥቢያ» የሚባል ነገር አያውቅም።

ችግር፦ አንዴ ያልነው 60 ጊዜ ይነሳል

የደቂቃው ቦታ ላይ ኮከብ ቀርቷል፤ * 2 * * * ማለት በዚያ ሰዓት ውስጥ በየደቂቃው ነው። በ0 ተኩት።

ችግር፦ ባልታሰበ ቀን ይነሳል

0 2 1 * 1 ሲጻፍ «ወሩ ሰኞ ከገባ» ለማለት ይመስላል። ክሮን ግን ሁለቱም የቀን ቦታዎች ሲሞሉ «ወይም» ብሎ ነው የሚያነበው፦ ሰኞ በመጣ ቁጥር፣ ደግሞም ወር በገባ በ1ኛው ቀን። አንዱን ኮከብ አድርጉና ሌላውን ስክሪፕቱ፣ ማለትም ክሮን የሚያስነሳው የትእዛዝ ፋይል፣ ያጣራ። ወሩም የፈረንጅ ነው፤ 1 ጃንዋሪ እንጂ መስከረም አይደለም፣ ለጳጉሜም ቦታ የለውም። የወር መዋጮ በእኛ 30 የምታስታውሱ ከሆነ ፕሮግራሙን በየቀኑ አስነሱትና ቀኑን ራሱ ይቁጠር።

ችግር፦ መስመሩ ልክ ነው፣ ሥራው ግን አልተነሳም

መብራት ጠፍቶ ነበር። ክሮን ያመለጠውን አያካክስም። አናክሮን የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ያካክሳል፣ ግን የሚቆጥረው በቀን እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ለውሃ ምን ይሠራል? እኔ አሁን የማስኬደው ይህን ነው፦

*/15 1-4 * * *

ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ከ45 በየሩብ ሰዓቱ ይሞክራል። መብራት 8 ሰዓት ላይ ቢሄድና 9 ላይ ቢመለስ ሌሊቱ አልባከነም። ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሞልቷል ካለ ስክሪፕቱ ፓምፑን ሳይነካ ይወጣል።