ትልቅ ፊፍዝ ዊል ለጡረታ ጉዞ፦ ወረቀቱ መጀመሪያ፣ ሶፋው በኋላ

ጡረታ ወጥታችሁ፣ ብርዱን አሪዞና ሙቀቱን ሞንታና እያላችሁ በፒክአፕ በሚጎተት ቤት አሜሪካን ለመዞር አስባችኋል እንበል። ግሩም ሐሳብ ነው። እኔና ባለቤቴ ይህን ኑሮ ከጀመርን አራት ዓመት አልፎናል፣ አልተቆጨንም። የመጀመሪያውን ተሳቢ አመራረጥ ግን አላወቅንበትም ነበር። ሳሎኑን አየን፣ ወጥ ቤቱን አየን፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን "ይሄማ ቤት ነው" ተባባልን፣ ፈረምን። የክብደቱን ወረቀት ያነበብኩት ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። እናንተ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

ፊፍዝ ዊል ከመኪናው ኋላ ባለ ኳስ ላይ ሳይሆን ፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ፣ ከኋላው አክስል በላይ የሚታሰር ተሳቢ ነው። ትልቁን ትራክ የነዳችሁ ኪንግ ፒኑን (ከተሳቢው ስር ወደ ታች የወጣውን የማያያዣ ብረት) እና እሱ የሚገባበትን ሳህን ታውቁታላችሁ፤ ያው ነው፣ አነስ ብሎ። ስሙ የፈረስ ሠረገላ ዘመን ቅሪት ነው። ሠረገላው እንዲታጠፍ ከፊት አክስሉ በላይ ተኝቶ የሚዞረውን ክብ ብረት አምስተኛ ጎማ ይሉት ነበር። ክብደቱ አክስሉ ላይ ስለሚያርፍ ነፋስም ሆነ በጎን የሚያልፍ ትራክ እንደ ተራ ተሳቢ አያወዛውዘውም። መንገድ ላይ ሰዓታት ለሚያሳልፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋው ግን እዚያው ላይ አለ፤ ያንን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ፒክአፑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። ተሳቢው ፒክአፑ ላይ የሚጥለው ክብደት ፒን ዌይት ይባላል። ከጠቅላላው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ ይሆናል፣ ለትልልቆቹ ግን ከ20 በታች አታስቡ። እናስላው። 40 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖበት እስከ 16,000 ፓውንድ የሚፈቀድለት ተሳቢ አያችሁ እንበል። 20 በመቶው 3,200፣ 25 በመቶው 4,000 ፓውንድ ነው። ማሰሪያው ራሱ ከ150 እስከ 200 ፓውንድ ይመዝናል። እናንተ ሁለታችሁ አላችሁ፣ የመፍቻው ሳጥን አለ፣ ከወንበሩ ጀርባ የተጠቀጠቀው ዕቃ አለ። በትልቁ ግምት ሲደመር 4,500 ፓውንድ አካባቢ ደረሰ ማለት ነው። አሁን የሹፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ ወረቀት አንብቡ። ተሳፋሪና ጭነት ተደምሮ ከዚህ አይበልጥም የሚል ቁጥር አለው። ባለ 2500 የናፍጣ ፒክአፕ ላይ ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 3,000 ባለው መሃል የሆነ ቁጥር ታገኛላችሁ። አይበቃም። ማስታወቂያው ግን 18,000 ፓውንድ ይጎትታል ይላል፣ ሻጩም የሚነግራችሁ ያንኑ ነው። ሁለቱም አልዋሹም። መጎተት ይችላል፤ መሸከም ነው የማይችለው።

ስለዚህ ለትልቅ ፊፍዝ ዊል ከ2500 አንድ ደረጃ ከፍ ያለው፣ ባለ 3500 ወይም ኤፍ-350፣ ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው፣ ዱዋሊ የሚሉት ነው የሚሆናችሁ። ካሶኒው 8 ጫማ ቢሆን ይመረጣል። አጭር ካሶኒ ከሆነ ጠበቅ ያለ ቦታ ላይ ስትታጠፉ የተሳቢው አፍንጫ የፒክአፑን የኋላ መስታወት ሊመታ ይችላል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ የሚንሸራተት ማሰሪያ ያስፈልጋችኋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ10,000 ፓውንድ በላይ የተመደቡ ፒክአፖች ቢጫው ወረቀት ላይኖራቸው ይችላል። ያን ጊዜ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ሁለታችሁም ገብታችሁ፣ የትራክ ማረፊያ ላይ ባለው፣ ካት ስኬል በሚባለው የመኪና ሚዛን መዝኑት። ከዚያ በሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ክብደት ቀንሱ። የቀረው ነው የናንተ።

ፒክአፕ ካላችሁና መለወጥ ካልፈለጋችሁ ተሳቢውን በእሱ ልክ ምረጡ። ከሌላችሁ ግን መጀመሪያ ተሳቢውን ወስኑ፣ መኪናውን ቀጥላችሁ ግዙ። እኛ መኪናውን ቀድመን ገዝተን ሁለት ጊዜ ከፍለናል።

የተሳቢው ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፦ ባዶውን የሚመዝነውና ሞልቶ የሚፈቀድለት። ልዩነታቸው እናንተ የምትጭኑት ነው። ባዶው 14,200፣ የሚፈቀደው 16,000 ከሆነ 1,800 ፓውንድ ቀራችሁ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል፤ 75 ጋሎን ከሞላችሁ 625 ፓውንድ ሄደ። ልብስ ማጠቢያው፣ ጄነሬተሩ፣ ባትሪው፣ ድስቱ፣ መጽሐፉ፣ የአራት ወቅት ልብስ። ለሁለት ሳምንት ለሚወጣ ሰው 1,800 ይበቃል። ለሚኖርበት ሰው አይበቃም። እኔ ዓመቱን ሙሉ ለሚጓዙ ሁለት ሰዎች ከ3,000 በታች የሆነ አልመክርም።

ርዝመቱስ? ረጅሙ ምቾት ነው፣ ግን የትም አይገባም። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያሉት የካምፕ ቦታዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ተሳቢዎች ትንንሽ በነበሩበት ዘመን ነው። ዮሰማይት ሸለቆ ውስጥ ለተሳቢ የሚፈቀደው ትልቁ ርዝመት 35 ጫማ ነው፣ ያውም በጥቂት ቦታዎች ብቻ። የሎውስቶን ውስጥ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ አንድ ላይ የምታገኙበት ካምፕ ፊሺንግ ብሪጅ ብቻ ነው፣ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ አታገኙትም። ግላሲየር ፓርክ ደግሞ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የሚባለው መንገድ መሃሉ ላይ ከ21 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አያሳልፍም። ተሳቢውን ብቻ አይደለም የማያሳልፈው። አራት በርና 8 ጫማ ካሶኒ ያለው ዱዋሊ ራሱ ከ21 ጫማ ይበልጣል፣ ስለዚህ ተሳቢውን ካምፕ ትታችሁ እንኳ በፒክአፑ አታልፉም፤ በአውቶቡስ ነው የምትሄዱት። ዋናው ምኞታችሁ ፓርኮቹ ከሆኑ 32 እስከ 35 ጫማ ያለውን እዩ። አንድ ቦታ ወር ሁለት ወር እየተቀመጣችሁ፣ የግል ካምፖች ላይ እየከፈላችሁ የምትኖሩ ከሆነ 40 ጫማው ይመቻችኋል። ቁመቱንም እወቁ። ትልልቆቹ 13 ጫማ ተኩል ድረስ ይደርሳሉ፣ የስልካችሁ ካርታ ደግሞ የድልድይ ከፍታ አይጠይቅም። ለትልቅ ተሽከርካሪ የተሠራ ካርታ ግዙ።

አሁን ወደ ውስጥ ግቡ። ሶፋውን ተዉት፣ በጉልበታችሁ አስቡ። ፊፍዝ ዊል ሁለት ፎቅ ነገር ነው፤ መኝታውና መጸዳጃው ከፊት ከፍ ብለው ስለሚገኙ ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ መውጣት አለ። ዛሬ ምንም አይመስላችሁም። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሱበት ዕድሜ ሲመጣ፣ ወይም ጉልበታችሁ ቀዶ ሕክምና ሲያገኘው ያን ደረጃ ታስታውሱታላችሁ። የባለቤቴ ጉልበት ከተሠራ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያች ሦስት ደረጃ ተራራ ሆናባት ነበር። ስለዚህ መያዣ ብረት አለ ወይ? ሻወሩ ውስጥ መቀመጫ አለ? አልጋውን ዙሪያውን መዞር ይቻላል ወይስ አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ነው የሚነሳው? መግቢያው ደረጃ መሬት ላይ ተረግጦ የሚቆም ጠንካራው ዓይነት ነው ወይስ የሚወዛወዘው? ጫማችሁን አውልቃችሁ አልጋው ላይ ተኙ። ሻወሩ ውስጥ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ግቡና ክንዳችሁን አንሱ። መጸዳጃው ላይ ተቀመጡና በሩን ዝጉ። ሻጩ ቢያይ ይይ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ስላይዶቹን ዝጋልኝ።" ስላይድ ማለት ቆማችሁ ስትኖሩ ወደ ጎን የሚገፋው ክፍል ነው፣ ቤቱን የሚያሰፋው እሱ ነው። መንገድ ላይ ግን ዝግ ነው። ተዘግቶ ሳለ መጸዳጃው ጋ ትደርሳላችሁ? ማቀዝቀዣው ይከፈታል? በረዶ ይዟችሁ መንገድ ዳር ብታድሩ አልጋው ጋ ትደርሳላችሁ? አንዳንዱ ቆንጆ ቤት ሲዘጋ መተላለፊያ እንኳ የለውም። እኔ ይህን ሳላይ ዳግመኛ ተሳቢ አልገዛም። ስላይድ ሲበዛ ክብደቱም፣ ሞተሩም፣ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳም ይበዛል። ለሁለት ሰው ሦስት ይበቃል፣ አምስት አያስፈልግም።

መብራቱ ባለ 50 አምፕ ይሁን። ባለ 30 አምፕ 3,600 ዋት ይሰጣል፣ ባለ 50 አምፑ ግን በሁለት መስመር ስለሚመጣ እስከ 12,000 ዋት። ኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እሱ ብቻውን 1,500 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ኤሲው እየሠራ ምጣድ ስትጥዱ በ30 አምፕ ላይ ይጠፋባችኋል። ሌላው የቅዝቃዜው ጉዳይ ነው። "አራት ወቅት" የሚል ጽሑፍ ጎኑ ላይ ቢለጠፍ አትመኑት፣ ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ሆዱ ስር ሙሉ ተሸፍኖ ሙቀት ይገባዋል ወይ፣ የውሃና የፍሳሽ ታንኮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው ወይ፣ መስኮቱ ድርብ ነው ወይ፣ እነዚህን ጠይቁ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? አዲሱ ከግቢው ሲወጣ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የፋብሪካ ስህተት የሚለቀምበት ዓመት ነው። እኔ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለገለ፣ በጣሪያ ስር የቆመ፣ አንድ ባለቤት የነበረውን እመርጣለሁ። ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን አንዳንድ የግል ካምፖች አያስገቡም፣ ያንንም አስሉ። ስታዩት መሰላል ይዛችሁ ሂዱና ጣሪያው ላይ ውጡ፣ ካልቻላችሁ የሚወጣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በአየር ማስገቢያዎቹና በጠርዙ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተሰንጥቆ ከሆነ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የውጪውን ግድግዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ከጎን እዩት፤ ያበጠ ወይም የሞገደ ነገር ካለ ከውስጥ እንጨቱ በስብሶ ፋይበሩ ተላቋል፣ ጥላችሁት ሂዱ። ቁም ሳጥኖቹ ጥግ ላይ በጣታችሁ ጫን በሉ፣ ለስለስ ካለ አይሆንም። ኪንግ ፒኑ ያለበትን የፊቱን ብረትም ብየዳውን ተመልከቱ፣ ትልቁ ጫና የሚያርፈው እዚያ ነው። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ገለልተኛ መርማሪ ቅጠሩ። ብሔራዊ የአርቪ (የተንቀሳቃሽ ቤት) መርማሪዎች ማኅበር ማረጋገጫ የሰጣቸው ባለሙያዎች አሉ፤ ክፍያቸው ከሚበሰብስ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጎማው ቢያምርም ዕድሜውን አንብቡ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 1422 ማለት በ2022 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ቀይሩት። የአየር ግፊቱን መቀመጫችሁ ላይ ሆናችሁ የሚያሳያችሁ መሣሪያም ግዙ። ተሳቢ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ሹፌሩ ሳያውቅ ብዙ ማይል ሊሄድ ይችላል፣ ፍንጣሪው ደግሞ የውሃና የጋዝ ቧንቧውን ይገነጥላል።

ከወረቀት ጉዳዮች ሦስቱን ብቻ ልንገራችሁ። መንጃ ፈቃድ፦ ካሊፎርኒያ ከ15,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ፊፍዝ ዊል ንግድ ነክ ያልሆነውን ክላስ ኤ ትጠይቃለች፤ ቴክሳስ ደግሞ ተሳቢው ከ10,000 በልጦ መኪናና ተሳቢ ተደምረው ከ26,000 ካለፉ። የምትኖሩበትን ስቴት ሕግ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ዋስትና፦ ብዙ ፋብሪካዎች ዓመቱን ሙሉ ከኖራችሁበት ዋስትናውን ይሰርዛሉ፣ ኢንሹራንሱም የሙሉ ጊዜ ኗሪ ውል ይፈልጋል። ሕክምና፦ መደበኛው ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) በመላ አገሪቱ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ጋ ሁሉ ይሠራል። አድቫንቴጅ የሚባለው ዕቅድ ግን ብዙውን ጊዜ ከአካባቢ ሐኪሞች ጋር የታሰረ ነው። ከሰፈራችሁ ርቃችሁ ወራት የምትኖሩ ከሆነ ይህን ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት ፍቱት። ለመልካሙ ደግሞ፣ 62 ዓመት የሞላችሁ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የፓርክ መግቢያ ካርድ ታገኛላችሁ፣ ብዙ የፌዴራል ካምፖች ላይም ክፍያውን በግማሽ ይቀንስላችኋል።

ተሳቢውን ተረክባችሁ ወዲያው ኮሎራዶ አትሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ከሻጩ ብዙ ያልራቀ ካምፕ ላይ እደሩ። ውሃውን ሙሉ፣ ማሞቂያውን አቃጥሉ፣ ኤሲዎቹን አብሩ፣ ስላይዶቹን አውጡ አግቡ፣ ዝናብ ከመጣ ጣሪያውን በባትሪ እዩ። ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ። በአራተኛው ቀን ዕቃችሁን ሁሉ ጭናችሁ ሚዛን ላይ ውጡና ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፤ ከተፈቀደው በልጦ ከሆነ አራግፉ፣ ካልበለጠ ጉዞው ተጀመረ።