የእርማት ክምር ቤትዎ እንዳይገባ፦ የመምህር የሥራ ጫና እንዴት እንደሚቀነስ

መምህርን ከማስተማሩ ይልቅ የሚያደክመው ከደወል በኋላ ተሸክሞት የሚሄደው ወረቀት ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ ማስተማር ብርቅ አይደለም። አራት ሴክሽን ያለው መምህር 240 ተማሪ አለው ማለት ነው። አንዱን የኩዊዝ ወረቀት ለማረም 3 ደቂቃ ቢፈጅበት 720 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት እርማት ይጠብቀዋል። ደብተሩ፣ ሮስተሩ (የተማሪው የሁሉም ትምህርት ውጤት የሚጠቃለልበት ሰንጠረዥ) እና የሆምሩም (የክፍል ኃላፊነት) ሥራው ገና አልተነካም። ጫናውን ማቅለል የሚቻለው ይህንን ስሌት በመቀየር ነው።

መጀመሪያ ሳምንቱን ሉክ ላይ ያውጡት

አምስቱን ቀን ከነፔሬዶቹ በሰንጠረዥ ይሥሩና የሚያስተምሩባቸውን ያጥቁሩ። በቀን 7 ፔሬድ ካለ የሳምንቱ 35 ነው፤ ሎድዎ (በሳምንት የሚያስተምሩት ፔሬድ) 22 ከሆነ 13 ባዶ ፔሬድ ይቀርዎታል። አምስቱን ለእርማት፣ ሦስቱን ለትምህርት ዕቅድ ይያዙ። የቀሩትን አምስት አይንኳቸው፤ የቀረ መምህር ተክተው ሲገቡ፣ ወላጅ ሲመጣ፣ ድንገት ስብሰባ ሲጠራ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ጢም ብሎ የሞላ ፕሮግራም ሰኞ ዕለት ይፈርሳል። ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት የሚያስጠኑ ከሆነ የባጃጁን መንገድ ጨምረው እዚያው ያስገቡት። ብዙ መምህር ይህንን ስለማይቆጥር ነው ጊዜው የት እንደገባ የሚጠፋበት።

ቀጥሎ ኩዊዙን ለየሳምንቱ ያከፋፍሉ

አራቱንም ሴክሽን በአንድ ሳምንት አይፈትኑ። በሳምንት አንዱን ብቻ ከፈተኑ እርማቱ 3 ሰዓት ነው፤ በ40 ደቂቃ ፔሬድ ሲሰላ አምስት እንኳን አይሞላም፣ የያዙት ጊዜ ይበቃል። የሚያስቸግረው ጥያቄው በቴሌግራም ከሴክሽን ወደ ሴክሽን መድረሱ ነው። ስለዚህ የጥያቄውን ዓይነት ሳይነኩ ቁጥሩን ወይም ምንባቡን ይቀይሩ። ተራውንም ያዟዙሩ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚፈተን ሴክሽን ረዘም ያለ የጥናት ጊዜ ስለሚያገኝ ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል፤ ቅሬታቸውም ትክክል ነው።

ሲያርሙ

1. የመልሱን ነጥብ ከፈተናው በፊት ይከፋፍሉ። ለምሳሌ ለባለ 5 ነጥብ የፊዚክስ ጥያቄ፦ ቀመር 1፣ መተካት 2፣ ውጤት 1፣ ዩኒት 1። ይህ ሳይወሰን ማረም የጀመረ ሰው አሥረኛው ወረቀት ላይ ሐሳቡን ይቀይርና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።
2. የምርጫ መልሶችን ተማሪዎች በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ በትልቁ ይጻፉ። አምስት ወረቀት ጠርዛቸው ብቻ እንዲታይ አነባብረው ያስቀምጡና የአንደኛውን ጥያቄ መልስ ባምስቱም ላይ ባንዴ ይዩ፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይውረዱ።
3. የጽሑፍ ጥያቄ ከሆነ የሁሉንም ተማሪ አንደኛ ጥያቄ አርመው ሲጨርሱ ወደ ሁለተኛው ይለፉ። መልሱ በአእምሮዎ ስለሚቆይ እጅዎ ይፈጥናል፣ ለአንዱ ጠብቀው ለሌላው አይላሉም።
4. ወረቀቱን በተራ ቁጥር ይሰብስቡ፤ ውጤቱንም ያረሙ ዕለት ማርክ ሊስት ላይ ያስፍሩና ገጹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሮስተር ሰሞን ሌሊት የሚያስነጋው የተበታተነ ውጤት ፍለጋ ነው። «ማርኬ ጎደለ» የሚል ተማሪ ሲመጣም መልሱ በእጅዎ ነው።

የ240 ተማሪ ደብተር ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አይቻልም። በእያንዳንዱ ሴክሽን በሳምንት 10 ደብተር ለይተው በደንብ ያንብቡ፤ በስድስት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። የማን ተራ እንደሆነ ግን አስቀድመው አይናገሩ። የቤት ሥራውን ተማሪዎች ደብተር ተቀያይረው ያርሙት፣ ግን ከጎን ጓደኛ ጋር አይሁን፤ የፊተኛው ረድፍ ከኋለኛው ይለዋወጥ። በዚህ መንገድ የታረመ ሥራ ለልምምድ ይሁን እንጂ ማርክ አይያዝበት።

ስልኩና ጉሮሮው

የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ካለ በመጀመሪያው የወላጅ ስብሰባ ሰዓቱን ይናገሩ፦ «ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት እመልሳለሁ።» መልእክቱን ግሩፑ አናት ላይ ይሰኩትና ሌሊት አንድ ጊዜ እንኳን አይመልሱ፤ አንዴ ከመለሱ ሌላው ወላጅም ይጠብቃል።

ለ60 ሰው ቀኑን ሙሉ መጮህ ጉሮሮ ይጎዳል። ክፍሉ ሲንጫጫ ድምፅ ከፍ ከማድረግ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ አድርጎ መጠበቅ ይሻላል፤ ውኃም ከእጅዎ አይራቅ። ድምፅዎ ጎርንኖ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይየው። ሁለት ሳምንት ያለፈው የእንቅልፍ እጦትም እንዲሁ ሐኪም ይፈልጋል። ሥራ ሲያበቃ የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ወዳለው ፍቅር ሐይቅ መዝናኛ ወረድ ብሎ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ራስን ያፍታታል፤ ወረቀቱን ግን ይዘው አይውረዱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ

«ደክሞኛል» ብቻ ብለው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሄዱ የሚያገኙት ማጽናኛ ነው። የሠሩትን ሰንጠረዥ ይዘው፣ መጀመሪያ በዲፓርትመንት ኃላፊው በኩል ይግቡ፦ «ሎዴ ይህን ያህል ፔሬድ ነው፣ ተማሪዎቼ ይህን ያህል ናቸው፣ እርማቱ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ይወስዳል፤ አንዱን ሴክሽን ወይም ሆምሩሙን ሌላ መምህር ይውሰድልኝ።» ጥያቄውን ፕሮግራም በሚወጣበት በመስከረም መጀመሪያ ያቅርቡት። ፕሮግራሙ ከተለጠፈ በኋላ የአንድ ሰው ፔሬድ ሲነካ የሌሎች መምህራንም አብሮ ስለሚናወጥ የሚቀበልዎት አይኖርም።