የምጣድ መስመር ለምታዘረጉ ቤተሰቦች

ለኤሌክትሪክ ምጣድ መስመር ለማዘርጋት ያሰባችሁ ቤተሰቦች፣ ሥራውን «እኔ እችላለሁ» ላለ ሁሉ ከመስጠታችሁ በፊት የብቃት ማረጋገጫውን እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። የቤት ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ስለሚፈልግ፣ በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይስባል፤ ለአምፖል የተዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ደግሞ ለዚህ አይበቃም።

እጅግ የሚያሳስበኝ ብሬከሩ፣ ማለትም መስመሩ ከመጠን በላይ ሲጫን ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መሣሪያ፣ በተደጋጋሚ ሲወርድ የሚሰጠው መፍትሔ ነው። ሙያው የሌለው ሰው ሽቦውን ሳይነካ ብሬከሩን ሽቦው ከሚችለው በላይ በሚያሳልፍ የ32 አምፔር ብሬከር ይተካዋል፤ ምጣዱ ይሠራል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይከፍላል፤ ነገር ግን የብሬከሩ ዋና ተግባር ሽቦውን ከመጋል መጠበቅ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ፕላስቲኩ እስኪቀልጥ ቢግል እንኳ መስመሩን የሚያቋርጥ አይኖርም። በጎረቤቴ ቤት እንዲህ የተሠራ ሶኬት ሲከፈት አይቻለሁ፦ ክዳኑ ከውስጥ ጠቁሯል፣ በመጋጠሚያው ላይ የተጠቀለለው ናስትሮ ቀልጦ ተጣብቋል፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት መስመር ደግሞ ከምንም ሳይገናኝ ተቆርጦ ቀርቷል። የመሬት መስመር በሌለበት ሽቦ ተልጦ የምጣዱን ብረት ከነካ፣ በእርጥብ እጅ የምትጋግረው እናት ወይም እኅት ላይ የሚደርሰውን መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ለምጣዱ ከማከፋፈያው ሳጥን የሚነሣ የራሱ መስመር፣ ቢያንስ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና ለሽቦው የሚመጥን ብሬከር እንዲገባለት ጠይቁ። የፕላስቲክ ቃጠሎ ከሸተታችሁ ወይም ሶኬቱ ከጋለ ወዲያውኑ ከብሬከሩ አጥፉት።