ጮቄ ልትወጡ ነው? አለርጂ ያለበት ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ድረስ ያለው ጊዜ ለጎጃም ተራሮች ምቹ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ጮቄ አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቃል። ችግሩ ሳርም የሚያብበው በዚሁ ሰሞን መሆኑ ነው። የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ሰው ደጀን ሳይደርስ ማስነጠስ ይጀምርና የእረፍት ጊዜው በሶፍት ያልቃል። እንደኔ እንደኔ ግን አብዛኛው ስቃይ የተራራው ጥፋት አይደለም፤ ሳንዘጋጅ ስለምንሄድ ነው።

ጥፋቱን በአደይ አበባ ላይ መጫን

ቢጫውን ሜዳ አይቶ ያስነጠሰ ሁሉ አደይን ይከሳል። ምስኪን አበባ! እንደ አደይ ያሉ ደማቅ አበቦች ብናኛቸው ከበድ ያለና የሚጣበቅ ነው። ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱትም ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። በአየር ተጉዞ አፍንጫችሁ የሚገባው በአብዛኛው የሳር ብናኝ ነው። ሳር ንብ አያስፈልገውም፤ ብናኙን ለንፋስ ይሰጣል። ያበበ የሳር ዘለላ አግኝታችሁ በጣታችሁ መታ ብታደርጉት ቢጫ ዱቄት እንደ ጭስ ብን ሲል ታያላችሁ። ጮቄ ላይ ደግሞ ከታች ከግጦሽ መሬቱ ጀምሮ ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አጠገብ እስካለው ጓሳ ድረስ ሳር ነው።

ስለዚህ አደይ መሃል ቆማችሁ ፎቶ ተነሱ፣ ግድ የለም። ያበበ ሳር ላይ ተንጋሎ መተኛት ግን ይቅርባችሁ።

ሳሩ ቤት ውስጥም ይከተላችኋል። እንግዳ ሲመጣ ለምለም ሳር ተጎዝጉዞ፣ እጣን ጨሶ፣ ቡና ይፈላል። ለክብራችሁ የተጎዘጎዘውን «አንሱልኝ» ማለት ነውር ነው፤ እኔም በሉ አልልም። በር አጠገብ ተቀመጡ፣ ወይም «ቡናውን ደጅ መደቡ ላይ ብንጠጣስ?» በሉ። ማንም አይቀየምም። የእጣኑ ጭስ ብናኝ ባይሆንም የተቆጣ አፍንጫን ይብስ ያስቆጣል።

ምች ነው፣ ጉንፋን ነው ብሎ መደምደም

ሦስቴ ካስነጠሳችሁ የቤቱ እናት ዳማከሴ ልትቆርጥ ጓሮ ትወርዳለች። «ልጄ፣ ምች መትቶህ ነው!» ፍቅር ነው፣ ተቀበሉት። እናንተ ግን ልዩነቱን እወቁ። አለርጂ ዓይንን፣ አፍንጫንና ላንቃን ያሳክካል። ንፍጡ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፣ ማስነጠሱም ተከታታይ ነው። ትኩሳት የለውም። ጉንፋን ግን ሰውነት ይቆረጥማል፣ ጉሮሮ ያማል፣ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይለቃል። በየዓመቱ በዚሁ ወቅት የሚመጣና ሜዳ ስትወጡ የሚብስ ከሆነ ጉንፋን አይደለም። «ሳይነስ ነው» ብሎ አሞክሳሲሊን መዋጥም ዋጋ የለውም። አንቲባዮቲክ አለርጂን አያክምም።

መድኃኒቱን እዚያ ደርሶ መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ሰው ደብረ ማርቆስ ገብቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፋርማሲ ሲያንኳኳ ነው የሚያስታውሰው። ለአፍንጫ አለርጂ በጣም ከሚረዱት አንዱ በአፍንጫ የሚነፋው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፤ ቤክሎሜታሶን፣ ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን የሚባሉት። እነሱ ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠሩም። ሙሉ ኃይላቸው እስኪታይ ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ሳምንት ይፈጃሉ። ስለዚህ ከጉዞው 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክራችሁ ጀምሩ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሳታማክሩ ምንም አትጀምሩ።

አነፋፉም ዘዴ አለው። አንገታችሁን ጎንበስ አድርጉ። መድኃኒቱን በቀኝ እጃችሁ በግራው፣ በግራ እጃችሁ በቀኙ የአፍንጫ ቀዳዳ ንፉ። የስፕሬዩ አፍ ወደ መሃሉ አጥንት ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ይዙር። ከዚያ በኃይል አትሳቡት። መድኃኒቱ ጉሮሮ ከገባ ለአፍንጫ ምን ተረፈው?

ሁለት አቋራጮችም አሉ፣ ሁለቱም ጣጣ አላቸው። አንዱ የታፈነ አፍንጫ ወዲያው የሚከፍተው ጠብታ ነው፤ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን። ለ3 ቀን፣ ቢበዛ ለ5 ቀን ከሆነ ደህና። ከዚያ ካለፈ ግን አፍንጫው ጠብታውን ይለምድና ሲቋረጥ ይብስ ይታፈናል። ሌላው «አንድ መርፌ ውጉኝና ልገላገል» የሚባለው ነው። ለአለርጂ ተብሎ የሚወጋ ስቴሮይድ በመላ ሰውነት ስለሚሰራጭ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

የሚያስተኛ ክኒን ውጦ መንዳት

ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን የድሮ የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው። ርካሽ ናቸው፣ ይሠራሉ፣ ያስተኛሉም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳችሁና መልሶ ወደ ደጀን ያወጣችኋል። እንቅልፍ ይዟችሁ የምትሞክሩት መንገድ አይደለም። ከአዲሶቹ የአለርጂ ክኒኖች ሎራታዲን በቀን አንዴ 10 ሚሊ ግራም ይበቃል፣ እምብዛም አያስተኛም። ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን ሰው ያደነዝዛል፤ እቤታችሁ ሆናችሁ ሞክሩት።

በክኒኑ ላይ አረቄ መደረብ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ጎጃም ሄዶ «አልጠጣም» ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አልኮል ለብቻውም አፍንጫ ያፍናል።

መስኮት ከፍቶ መሄድ

አውቶቡስ ውስጥ «ንፋስ ገባ፣ ዝጉልን!» የሚሉትን ትልልቅ ሰዎች ስንት ጊዜ ታዘብናቸው? በዚህ ወቅት፣ በሜዳው መሃል ሲታለፍ፣ ለአንዴም ቢሆን ልክ ናቸው።

ብናኙን አልጋ ላይ ይዞ መግባት

ቀኑን ሙሉ ስትዞሩ ጸጉራችሁ፣ ጋቢያችሁና ሹራባችሁ ብናኝ ይሰበስባሉ። እንደዚያው ከተኛችሁ ሌሊቱን ሁሉ ስትስቡት ታድራላችሁ። ልብስ ቀይሩ፣ ፊትና ጸጉራችሁን ታጠቡ፤ የጮቄ ብርድ ጸጉር ለመታጠብ ካላስደፈራችሁ ቀን በሻሽ ወይም በኮፍያ ሸፍኑት። የታጠበ ልብስ ሳር ላይ ማስጣት የተለመደ ነው፣ ለእናንተ ግን አይሆንም። የቆየ ባና ከሰጧችሁ ደግሞ አራግፉትና የራሳችሁን አንሶላ ከሥር አድርጉ። እዚያ ውስጥ ያለው በዓይን የማይታይ የአቧራ ተባይ ሌላ የአለርጂ ምንጭ ነው።

አፍንጫን በምንጭ ውሃ ማጠብ

በጨው ውሃ ማጠብ ጥሩ ነው፣ ብናኙን ጠርጎ ያወጣል። ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ምንጩ የቱንም ያህል ጥርት ቢል በአፍንጫ አይገባም። ለአንድ ብርጭቆ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ማሩ ያድነኛል ማለት

የጎጃም ማር ብሉ፣ ለጉሮሮም ይስማማል። አለርጂ ይፈውሳል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። ንብ በብዛት የምትቀስመው ከአበባ ነው፤ እናንተን የሚያስነጥሳችሁ ሳሩ።

ሁሉንም ነገር አለርጂ ማለት

ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ላይ ስትደርሱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከመጣ የከፍታው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሎራታዲን አይረዳም። መውጣቱን አቁሙ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። ደረት ካፈነ፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ካለ ወይም ሌሊት ሳል ካስነሳችሁ ደግሞ አስም ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የአፍንጫ አለርጂና አስም ብዙ ጊዜ አብረው ይኖራሉ። ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ያለው ሰው በኪሱ ይያዘው። ሻንጣ ውስጥ ከትታችሁ በቅሎ ላይ ከጫናችሁት፣ ትንፋሽ ባጠረ ሰዓት በቅሎዋ ኮረብታውን አልፋ ሄዳለች።