ብድግ ሲሉ ዓይንዎ ይጨልማል? መንስኤውን እንዲህ ይፈልጉት

ደሴ ላይ «ብድግ ስል ያዞረኛል» ያለ ሰው መልሱን እዚያው ያገኛል፤ «ደም ማነስ ነው፣ ቀይ ሥር ብላ!» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም ሳይለካ የተነገረ ግምት ነው።

ስንቆም ከግማሽ እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል። ጤነኛ ሰውነት ወዲያው የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ ልብንም ትንሽ ያፈጥናል። ይህ ሲዛባ ነው ጭው የሚለው።

መጀመሪያ ይለኩ። የክንድ ግፊት መለኪያ ይዋሱ፤ ሰውም አጠገብዎ ይኑር። ጠዋት ቡና ሳይቀምሱ 5 ደቂቃ ጋደም ይበሉ። እንደተኙ ግፊትዎንና የልብ ምትዎን ይለኩ። ከዚያ ይቁሙ፣ ግድግዳ አይደገፉ። በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ10ኛው ደቂቃ ይድገሙ። ካዞረዎት ግን ወዲያው ይቀመጡ።

በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሲቆሙ ግፊትዎ ይወድቃል ማለት ነው። ተኝተው 120 በ80፣ ቆመው 98 በ68 እንደማለት። ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምት በ10 ደቂቃ ውስጥ በ30 ከጨመረ (ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉ በ40) እና ሕመሙ ወራት ከቆየ፣ ፖትስ የሚባለው፣ ሲቆሙ ልብ ከልክ በላይ የሚፈጥንበት ችግር ይጠረጠራል። ተቀምጠው ብቻ ከተለኩ ሁለቱም ሊያመልጡ ይችላሉ።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ። መቼ አዞረዎት? ከደሴ ብርድ በሐረጎ ቁልቁል ወርደው ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲቆሙ? ሙቀት የደም ሥር ያሰፋል፣ ላብም ውኃ ይወስዳል። ጾም፣ ተቅማጥ፣ መጠጥ፣ ከባድ ምሳ፣ ረጅም ቅዳሴ፣ ከሕመም በኋላ ብዙ መተኛት፣ ሁሉም ይጻፍ። መድኃኒትም እንዲሁ፤ የግፊት፣ የሚያሸና፣ የፕሮስቴት። በራስዎ ግን አያቋርጡ።

ከዚያ እናትዎንና አክስቶችዎን ይጠይቁ። በቤተሰቡ ብድግ ሲል ራሱን ስቶ የሚወድቅ አለ? አውራ ጣቱ ታጥፎ ክንዱን የሚነካ፣ መገጣጠሚያው ከልክ በላይ የሚለጠጥስ? ኤለርስ ዳንሎስ የተባለው የሚወረስ ችግር ከፖትስ ጋር አብሮ ይታያል። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ተመራማሪዎች በመንትዮች ላይ ኖርኤፒነፍሪንን (የደም ሥር የሚያጠብና ልብ የሚያፈጥን የሰውነት ኬሚካል) መልሶ የሚሰበስበው ጂን ተበላሽቶ እንዳገኙ አሳትመዋል። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ደግሞም ቤተሰቡ ሁሉ አዞረው ማለት ዘር ነው ማለት አይደለም፤ አብረው የሚኖሩ ሰዎች አብረው ይጾማሉ፣ አብረው ውኃ ይረሳሉ።

ደብተሩን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ደምና ስኳርም ይመርመሩ። «ጨው አብዛ» የሚልዎትን ሳያማክሩ አይስሙ፤ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አደገኛ ነው። ደረት ከወጋዎት፣ ጉልበት ሥራ ላይ እያሉ ራስዎን ስተው ከወደቁ፣ ሰገራዎ ከጠቆረ፣ ወይም በቤተሰብዎ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ግን ሳምንቱን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።