«ያልታወቀ ትዕዛዝ» ሲል፦ የጄሲኤል ፓርሰር ችግርና መፍትሄ

ጄሲኤል (JCL) በሜይንፍሬም፣ ማለትም በትልቅ የድርጅት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራን ሥራ (ጆብ) የምናዝዝበት ቋንቋ ነው፤ የትዕዛዝ መስመሮቹም በ// ይጀምራሉ። ፓርሰር ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚተነትን ፕሮግራም ነው።

ምልክቱ፦ ፓርሰሩ በሜይንፍሬም ላይ ለዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ የኖረን ጆብ እያነበበ ሳለ «ያልታወቀ ትዕዛዝ» ብሎ ይቆማል። ብዙዎቻችን ወዲያው ቃሉን በሚታወቁት ትዕዛዞች ዝርዝር ላይ እንጨምራለን፤ ይህ ግን ስህተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፓርሰሩ የሳተው ያለበትን ቦታ ነውና።

ቃሉ የእኩል ምልክት ከያዘ ትዕዛዝ አይደለም። ቱሉ ዲምቱ ባለችው ቢሯችን መብራት በጠፋበት አንድ ከሰዓት፣ የታተመውን ጽሑፍ መስኮት ዳር ዘርግተን ዓምዶቹን በማስመሪያ ስንቆጥር፣ ፓርሰሩ ያላወቀው «ዲስፕ=ኤስኤችአር» (DISP=SHR፣ ፋይል በጋራ እንዲከፈት የሚያዝ መለኪያ) በኮማ ካለቀው የላይኛው መስመር የቀጠለ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የላይኛው መስመር በኮማ ካለቀ፣ ቀጣዩን ከ4ኛው እስከ 16ኛው ዓምድ የሚጀምር ቅጥያ አድርገው ያንብቡት። ያልታወቀው «ፒጂኤም=» (PGM=፣ የሚሠራውን ፕሮግራም የሚጠራ መለኪያ) ከሆነ ደግሞ ኤክሴክ (EXEC፣ ፕሮግራም የሚያስነሳው ትዕዛዝ) ከፊቱ ስም ሳይኖረው ቀርቶ ራሱ እንደ ስም ተወስዷል፤ ከ// ቀጥሎ ባዶ ቦታ ካለ የመጀመሪያው ቃል ትዕዛዙ ነው። ከ73 እስከ 80 ያሉት ዓምዶች የተራ ቁጥር ቦታ ስለሆኑ አስቀድመው ይቁረጧቸው።

ቃሉ «ሶርት» (SORT፣ ለመደርደሪያ ፕሮግራም የሚሰጥ መመሪያ) ወይም መሰል ከሆነ፣ ፓርሰሩ ለፕሮግራሙ የተሰጠን ዳታ እንደ ትዕዛዝ እያነበበ ነው። እጅግ የሚያደክመው ስህተት ይህ ነው። ከ«ዲዲ *» (DD፣ ለፕሮግራሙ ፋይል ወይም ዳታ የሚያቀርብ ትዕዛዝ) በኋላ ያለው ሁሉ /* ወይም // እስኪመጣ ድረስ ዳታ ነው፤ በ«ዲዲ ዳታ» ግን // አያቆመውም፣ ስለዚህም ጆብ በጆብ ውስጥ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። «ዲኤልኤም» (DLM፣ የዳታውን ማብቂያ ምልክት የሚወስን መለኪያ) ከተሰጠ ማብቂያው በእሱ የተመለከቱት ፊደላት ብቻ ናቸው። ዲዲ ሳይጻፍ ከኤክሴክ በኋላ ዳታ ቢመጣም ሲስተሙ ራሱ «ሲስኢን» (SYSIN) የሚል ዲዲ ይፈጥርለታል፤ ፓርሰርዎም እንዲሁ ያድርግ።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ቃሉ አሁንም ካልታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከዜድ/ኦኤስ (የአይቢኤም ሜይንፍሬም ስርዓተ ክወና) 2.1 ጋር እንደመጣው «ኤክስፖርት» (EXPORT) ያለ፣ ዝርዝርዎ ያልደረሰበት ትዕዛዝ ሊሆን ይችላል። መስመሩን አይጣሉት፤ እንዳለ ከመስመር ቁጥሩ ጋር ያስቀምጡ፣ ያስጠንቅቁ፣ ከቀጣዩ // ይቀጥሉ፤ ጆቡን ግን «ሙሉ በሙሉ አልተነበበም» ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ ያልታወቀው ትዕዛዝ እንደ «ሴት» (SET፣ ለተለዋዋጭ ዋጋ የሚሰጥ ትዕዛዝ) ከሱ በታች ያሉትን መስመሮች ትርጉም የሚለውጥ ሊሆን ይችላልና።